ሩብ፣ ግማሽ ወይስ ሙሉ? ለሸክላ ኢላማና ለወፍ አደን ቾክ ስንመርጥ

ባለፈው እሑድ ጠዋት ጦሳ ጭጋጉን ደርቦ፣ እኔም ጋቢዬን ደርቤ፣ ቡናው ቶናው ላይ ደርሶ ነበር። ስልኬ ጠራ። የአክስቴ ልጅ ናት። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፣ አሁን ዳላስ ነው የምትኖረው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ «ጋሼ፣ የትኛውን ቾክ ልጠቀም?» አለችኝ።

«ምነው፣ ማስተማር ጀመርሽ እንዴ?» አልኳት። ለኔ ቾክ ማለት ጠመኔ ነው። ተማሪ ሳለን ጣታችንን ነጭ ሲያደርገው የኖረው።

«ኧረ የጠመንጃ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሥራ ባልደረቦቿ ቅዳሜ ቅዳሜ ሸክላ (ወደ አየር የሚወረወር ትንሽ ሳህን መሰል ኢላማ) ሊተኩሱ ይሄዳሉ። ሦስት ጊዜ አብራቸው ሄደች፣ ወደደችው፣ የራሷን ሾትጋን ገዛች። ከጠመንጃው ጋር ሳጥኑ ውስጥ አምስት ጣት የሚያካክሉ የብረት ቱቦዎች አገኘች። ሻጩ ደግሞ ከሁሉም የጠበበውን ስድስተኛ ቱቦ «ይሄ ሩቅ ይመታል» ብሎ ጨምሮ ሸጠላት። ሄዳ በሱ ተኮሰች። ከ25 ሸክላ ስድስት ሰበረች።

እኔም እዚያው ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ ነው ወደ ደሴ የተመለስኩት። የመጀመሪያ ቀኔ ከሷ የተሻለ አልነበረም፤ ምክንያቱም ያው ነበር። ስለዚህ በስልክ የነገርኳትን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። ውጭ አገር ሆነው ይህን ስፖርት የጀመሩ የወሎ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ጥያቄያቸውም አንድ ነው።

ቾክ ምን ይሠራል?

በቃሉ ወረዳ ቆላ ማሽላ ጠብቆ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ማማው ላይ ቆማችሁ ግሪሳ ሲመጣ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ወንጭፍ ነው፤ አንድ ድንጋይ፣ አንድ ቦታ። ሌላው አንድ እፍኝ ጠጠር አፍሶ መበተን ነው። ጠጠሩ ቅርብ ላሉት ወፎች አደጋ ነው። ትንሽ ራቅ ሲሉ ግን ጠጠሮቹ ተራርቀው ግሪሳው በመሃል ያልፋል።

ሾትጋን እፍኙ ነው። አንድ ጥይት ውስጥ ብዙ ትናንሽ ፍሬዎች አሉ። 28 ግራም ቁጥር 7½ እርሳስ (ቁጥሩ የፍሬውን መጠን ነው የሚናገረው) ብትወስዱ 350 ገደማ ፍሬ ነው። ካፈሙዙ ሲወጡ አብረው ይወጣሉ፤ እየሄዱ ይበተናሉ። ቾክ ማለት የበርሜሉ ጫፍ ላይ ያለ ትንሽ ጥበት ነው፤ ሳጥኑ ውስጥ ያገኘቻቸው ቱቦዎችም እዚያ ጫፍ ላይ የሚገቡ ቾኮች ናቸው። ጥበቱ ፍሬዎቹ ተሰብስበው ጥቂት ርቀት እንዲጨምሩ ያደርጋል። ሥራው ይኸው ነው።

ጉልበት አይጨምርም። ይህን ደግሜ ልበለው፤ ምክንያቱም ሻጩ የሸጠላት ይህንኑ ስህተት ነው። ጠባብ ቾክ ፍሬውን አያፈጥነውም ማለት ይቻላል። አንዷ ፍሬ 40 ሜትር ላይ ስትደርስ ያላት ጉልበት በሰፊውም በጠባቡም ቾክ ያው ነው። የሚለየው አጠገቧ ስንት እህቶች አሏት የሚለው ነው።

የጥበቱ መጠን ደግሞ ያስገርማል። ባለ 12 ሾትጋን የበርሜሉ ውስጥ ስፋት በደንቡ 18.5 ሚሊ ሜትር ነው። (12 የተባለው አንድ ፓውንድ እርሳስ በ12 እኩል ድቡልቡል ሲከፈል አንዱ ልክ በርሜሉን ስለሚሞላ ነው።) ከሁሉም በጠበበውና ከሁሉም በሰፋው የተለመደ ቾክ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ለብየዳ ሠራተኛ አንድ ሚሊ ምንም አይደለም። እዚህ ግን ሁሉም ነገር እሷ ውስጥ ነው።

አሜሪካኖቹ ለእነዚህ ቾኮች ረጃጅም ስም አላቸው። እንግሊዞቹ በክፍልፋይ ይጠሩታል፤ ለኛም የሚቀለው እሱ ነው። ከሰፊው ወደ ጠባቡ፦

ሲሊንደር፦ ጥበት የለውም።
ስኪት፦ 0.13 ሚሊ ሜትር ገደማ።
ሩብ (ኢምፕሩቭድ ሲሊንደር)፦ 0.25 ሚሊ።
ግማሽ (ሞዲፋይድ)፦ 0.5 ሚሊ።
ሦስት ሩብ (ኢምፕሩቭድ ሞዲፋይድ)፦ 0.75 ሚሊ።
ሙሉ (ፉል)፦ 1 ሚሊ።

«ፉል ስትለኝ ቁርስ አማረኝ» አለች የአክስቴ ልጅ። ዳላስ ሆና የኮምቦልቻ ፉል ቤት ትዝ ብሏት ነው።

ቁጥሮቹ ከፋብሪካ ፋብሪካ ትንሽ ይለያያሉ። ደግሞም ጥበት የሚለካው ከራሱ ከበርሜሉ ስፋት ተነስቶ ነው እንጂ በአፈሙዙ ስፋት ብቻ አይደለም። በርሜሉ 18.3 የሆነና 18.7 የሆነ ሁለት ጠመንጃ፣ አፈሙዛቸው እኩል ቢሆንም ቾካቸው አንድ አይደለም። አፈሙዝ ላይ ሳንቲም ከትቶ «አልገባም፣ ስለዚህ ሙሉ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሻይ ጋብዛችሁ አልፉት።

ቁጥሩ የሚለው

የድሮው መለኪያ እንዲህ ነው። 36.5 ሜትር ላይ (40 ያርድ ነው) ትልቅ ወረቀት ይሰቀላል፣ ይተኮሳል፤ ፍሬዎቹ በበዙበት ቦታ 76 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ይሰመራል። ከጠቅላላው ፍሬ ክቡ ውስጥ ስንት በመቶ ገባ? ሲሊንደር 40 ገደማ ያስገባል፣ ሩብ 50፣ ግማሽ 60፣ ሦስት ሩብ 65፣ ሙሉ 70።

ይህን ወደ ሸክላው እንለውጠው። የኦሎምፒኩ ሸክላ ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 105 ግራም ነው። ስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ ዛሬ የሚሠራው ከሬንጅ መሰል ነገርና ከኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው፤ ምጣድ ያሰባችሁ አርሙ። እንግሊዝኛው ደግሞ «የሸክላ እርግብ» ይለዋል፤ ቀድሞ የሚተኮሰው እውነተኛ እርግብ ስለነበረ ነው። በ1900 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ኦሎምፒክ እንኳ በሕይወት ያለ እርግብ ተተኩሷል። ሸክላው ይሻላል።

ይህ ሸክላ እየራቀ ሲሄድ የሚታያችሁ ጠርዙ ብቻ ነው፤ ቀጭን መስመር። 350 ፍሬ ባለው ጥይት 36.5 ሜትር ላይ ስሌቱን ስሠራው፣ በሲሊንደር ጠርዙ ላይ በአማካይ አንድ ፍሬ እንኳ አይደርስም። በሙሉ ቾክ አንድ ተኩል ገደማ ይደርሳል። ማለትም በሲሊንደር ልክ አነጣጥራችሁም ሸክላው በመሃል ሊያልፍ ይችላል። እዚህ ጠባቡ ቾክ ዋጋውን ያገኛል።

አሁን ደግሞ 18 ሜትር ላይ እንምጣ። የሙሉ ቾክ ስርጭት እዚያ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሻይ ትሪ ያክላል። የሲሊንደር ግን 80 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ከእንጀራ ምጣድ በላይ ሰፊ ነው። በቆዳ ስፋት ስንቆጥር አራት እጥፍ ማለት ነው። 18 ሜትር ላይ ሙሉ ቾክ የሚተኩስ ሰው ሌላው በምጣድ የሚይዘውን እሱ በትሪ ሊይዝ ይሞክራል። የአክስቴ ልጅ ስድስት ብቻ የሰበረችው ዓይኗ ስለደከመ አይደለም።

ከቾኩ በፊት ርቀቱ

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «የትኛው ቾክ ጥሩ ነው?» ብሎ ነው። እኔ መልሼ የምጠይቀው ስንት ሜትር ላይ ነው የምትመቱት ብዬ ነው። ብዙዎቻችን ርቀትን እናጋንናለን። 25 ሜትር ላይ የወደቀች ቆቅ ማታ ጫት ላይ 50 ትሆናለች።

ዓይናችሁን ለማስለመድ ኳስ ሜዳ የመሰለ ነገር የለም። ሆጤ ሜዳ ሄዳችሁ የጎሉ መስመር ላይ ቁሙ። የፍጹም ቅጣት ነጥቡ 11 ሜትር ነው። የቅጣት ክልሉ የፊት መስመር 16.5 ሜትር ነው። የክልሉ ስፋት ከጎን ወደ ጎን 40 ሜትር ከትንሽ ነው። አንድ ሰው ከዚያኛው ጎን ቆሞ እንዲያውለበልብላችሁ አድርጉ። 40 ሜትር ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል። ሸክላ ከዚያ ላይ ዝንብ ነው።

እኔ አብዛኛው ሰው ከሚያስፈልገው በላይ የጠበበ ቾክ ይዞ ይሄዳል ብዬ አምናለሁ። ጠባብ የተባለ ነገር ሁሉ ለኛ የጉብዝና ይመስለናል መሰለኝ።

ሸክላ ላይ

ሸክላ ተኩስ አንድ ዓይነት አይደለም። ጓደኞቻችሁ የት እንደሚወስዷችሁ ጠይቁ።

ስኪት ላይ ከግራና ከቀኝ ካሉ ሁለት ቤቶች ሸክላ ይወረወራል፤ አንዱ ከፍ ካለ፣ አንዱ ዝቅ ካለ መስኮት። ተኳሹ በግማሽ ክብ የተደረደሩ ቦታዎችን እየተዘዋወረ ይተኩሳል። ሸክላው በብዛት የሚመታው 20 ሜትር አካባቢ ወይም ከዚያ ባነሰ ነው። ስለዚህ ስኪት የሚባለው ቾክ፣ ከሌለ ሲሊንደር ወይም ሩብ። እዚህ የሚያከራክር ነገር የለም።

ትራፕ ተቃራኒው ነው። ሸክላው ከፊታችሁ ካለ ጉድጓድ ወጥቶ ከናንተ ይሸሻል። በኦሎምፒኩ ዓይነት ተኳሹ ከጉድጓዱ 15 ሜትር ወደ ኋላ ይቆማል፣ ሸክላውም ካልተመታ 76 ሜትር ያህል ይበራል። ጠመንጃ አንስታችሁ እስክትተኩሱ 30፣ 35 ሜትር ደርሷል፤ የሚታያችሁም ያ ቀጭን ጠርዝ ነው። ሦስት ሩብ ወይም ሙሉ እዚህ ነው ቦታው። ኦሎምፒክ ላይ ለአንድ ሸክላ ሁለት ጥይት ስለሚፈቀድ ብዙዎቹ ለመጀመሪያው ትንሽ ሰፋ ያለ፣ ለሁለተኛው ሙሉ ያደርጋሉ። ጥይቱ 24 ግራም ብቻ ነው፤ ፍሬ ስላነሰ መሰብሰቡ ይበልጥ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ በተለመደው ትራፕ ለጀማሪ ግማሽ ቢሆንም አይከፋም። ፈጥኖ የሚተኩስ ሰው ግማሽ ይበቃዋል፣ የሚያመነታ ጠበብ ያለ ይፈልጋል።

የአክስቴ ልጅ የምትሄደው ግን ሦስተኛው ዓይነት፣ ስፖርቲንግ የሚባለው ጋ ነው። በጫካ መሃል ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ የሚተኮስ። አንዱ ሸክላ ከላይ ይመጣል፣ አንዱ መሬት ላይ እንደ ጥንቸል ይንከባለላል፣ አንዱ ተሻግሮ ይሄዳል። ርቀቱ ከ15 ሜትር እስከ 40 ይደርሳል። እዚህ ነው ሰው የሚሳከረው። በየጣቢያው ቁልፍ እያወጡ ቱቦ የሚፈቱ፣ የሚቀይሩ፣ ወረፋውን የሚያስቆሙ ሰዎች አይቻለሁ። እኔም አንድ ክረምት እንዲያ አድርጌያለሁ። አንድ ቀን የቾክ ቁልፌን ቤት ረሳሁና ቀኑን ሙሉ በሩብ ተኮስኩ። በዚያ ክረምት ጥሩው ውጤቴ ያ ሆነ። ስለ ቾክ ማሰብ ሳቆም ሸክላውን ማየት ጀመርኩ መሰለኝ።

ስለዚህ «ሩብ አስገቢና እርሺው» አልኳት። በርሜሉ ሁለት ከሆነ ደግሞ አንዱን ሩብ፣ አንዱን ግማሽ። ቅርቡን በመጀመሪያው፣ ሩቁን በሁለተኛው።

አደን ላይ፦ የአጎቴ ሁለት ቃታ

አጎቴ በንጉሡ ጊዜ ጎን ለጎን ሁለት በርሜል ያለው አሮጌ ጠመንጃ ነበረው። ቾክ የሚለውን ቃል ሳይሰማ ነው የሞተው። ግን ሁለት ቃታ ለምን እንዳለው ያውቅ ነበር። «የፊተኛው የቅርብ፣ የኋለኛው የሩቅ» ይለን ነበር። ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ጠመንጃዎች የፊት ቃታቸው ቀኙን በርሜል ይተኩሳል፤ እሱ ሰፊው ነው። የኋላው ቃታ ግራውን፣ ጠባቡን። ወፏ ስትነሳ ቅርብ ናት፣ ሁለተኛው ጥይት ሲሄድ ርቃለች። አሠራሩ ከአደኑ የተቀዳ ነው።

አንድ ጊዜ ወደ ሐርቡ ቆላ ይዞኝ ወርዶ ጅግራ ከእግራችን ሥር ብር ብላ ተነሳች። ተደናግጦ የኋላውን ቃታ ሳበ። አሥር ሜትር አትሆንም። ያገኘነው ላባ ነው። እግሯን አንስቶ አየና ሳይናገር ጣላት። ጠባብ ቾክ ቅርብ ላይ ስጋውን እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ቢተርፍ እንኳ በጥርስ እርሳስ መልቀም ነው።

በሌላ በኩል ሰፊ ቾክ ሩቅ ላይ ከዚህ ይብሳል። ሸክላ ሲሳት ሸክላ ነው። ወፍ ሁለት ፍሬ ይዛ ሄዳ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትሞት ግን ነውር ነው። አጎቴ አንድ ሙስሊም የአደን ወዳጅ ነበረው፤ የድርሻውን ወፍ በሕይወት ደርሶ ለመባረክ ሲሮጥ እስካሁን ይታየኛል። ቆስላ የጠፋች ወፍ ለሱ ሁለት ጊዜ ኪሳራ ነበረች። ስለዚህ አደን ላይ ሕጉ እንዲህ ነው፦ ቾኩ ከሚችለው ርቀት በላይ ያለችውን ወፍ ተዋት።

ቆቅና ድርጭት ከቅርብ ስለሚነሱ ሩብ፣ ወይም ከዚያም የሰፋ። ዋኔ ቴክሳስ ውስጥ ከነሐሴ መጨረሻ (በነሱ ሴፕቴምበር 1) ጀምሮ ይታደናል፤ ሩብ ጥሩ ነው፣ ከፍ ብለው የሚያልፉ ከሆነ ግማሽ። ጅግራ ሯጭና ጠንካራ ናት፣ ርቃ ትነሳለች፤ ግማሽ ከትልቅ ፍሬ ጋር። አሜሪካ ውስጥ የዱር ተርኪ (የቱርክ ዶሮ) የሚያድኑ ሰዎች ከሙሉም የጠበበ ቾክ ይጠቀማሉ፤ ወፏ ቆማ ጭንቅላቷና አንገቷ ላይ ብቻ ስለሚተኮስ ነው። ሻጩ ለአክስቴ ልጅ የሸጠላት ስድስተኛው ቱቦ የዚህ ዘመድ ነው። ለሚበር ሸክላ የቆመ ተርኪ ቾክ!

አንድ ጥርብ እርሳስ ብቻ ያለበት ጥይት፣ ስለግ የሚሉት፣ በሲሊንደር ወይም በሩብ ነው የሚተኮሰው። በጠባብ ቾክ አትሞክሩት።

እዚህ አገር ላላችሁ አንድ ቃል። መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይፈልጋል፤ አደን ደግሞ ከዱር እንስሳት ጥበቃ በኩል የራሱ ፈቃድ አለው። የአጎቴ ዘመን አልፏል። እኔ ራሴ ዛሬ ሐይቅ ሄጄ ዳክዬዎቹን የማየው በዓይኔ ብቻ ነው፤ ዓሣ ጥብስ እየበላሁ።

እርሳስና ብረት

ይህን ክፍል ውጭ ያላችሁ አትዝለሉት። አሜሪካ ውስጥ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዳክዬና ዝይ በእርሳስ ማደን በመላ አገሪቱ ተከልክሏል፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከ2023 ወዲህ ረግረግ ቦታ ላይ አግዷል። ወፎቹ መሬት ላይ የወደቀውን ፍሬ እንደ ጠጠር ለቅመው ስለሚመረዙ ነው። በምትኩ በብዛት የሚተኮሰው ብረት ነው።

ብረት ጠንካራ ነው፣ በርሜል ውስጥ ሲያልፍ ቅርጹ አይበላሽም። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ይጨፈለቃል፣ የተጨፈለቀው ፍሬ አቅጣጫ ይስታል። ስለዚህ ብረት በተፈጥሮው ተሰብስቦ ይሄዳል፤ በሩብ ስትተኩሱት እንደ ግማሽ፣ በግማሽ ስትተኩሱት እንደ ሙሉ ይሆናል። ዳክዬ ላይ ሩብ ወይም ግማሽ ይበቃል። ከግማሽ የጠበበ ቾክ ላይ ብረት መተኮስ ግን በርሜሉን ሊጎዳ ይችላል፤ ቱቦው ላይ ለብረት እንደሚሆን ካልተጻፈበት አታድርጉት። እንደ አጎቴ ያለ አሮጌ፣ ስስ በርሜል ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ብረት ከእርሳስ ይቀላል። እርሳስ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም፣ ብረት 7.8 ገደማ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱን ቶሎ ያጣል። ማካካሻው ሁለት ቁጥር ተለቅ ያለ ፍሬ መውሰድና ቀረብ ብሎ መተኮስ ነው።

የደሴ አየር

ይህ ትንሽ ጨዋታ ነው፣ ግን እውነት ነው። ፍሬዎቹን የሚበትናቸው በብዛት አየሩ ነው። ዳላስ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ትንሽ ይወፍራል። በሳሳ አየር ፍሬዎቹ ብዙም አይበተኑም፣ ስርጭቱ ጠበብ ይላል። በከፍታ ቦታ የሚተኩስ ሰው ስለዚህ ትንሽ ሰፋ ያለ ቾክ ቢይዝ አይጎዳም። የአጎቴ ግራ በርሜል እንዲያ የበረታው አንዱ ምክንያት ይሄ ይሆን እንዴ እያልኩ አስባለሁ። ግን ሐርቡ ቆላ ነው። ምክንያቱ ያው አሥር ሜትሯ ናት።

ቱቦዎቹን ስትይዙ

የሚፈታ ቾክ ያለው ጠመንጃ ከሆነ የቱቦው ጠርዝ ላይ ትናንሽ ጭረቶች ታያላችሁ። በብዙዎቹ ፋብሪካዎች አንድ ጭረት ሙሉ፣ ሁለት ሦስት ሩብ፣ ሦስት ግማሽ፣ አራት ሩብ፣ አምስት ሲሊንደር ነው። ተገልብጦ ነው የሚሄደው፤ ጭረቱ ሲበዛ ይሰፋል። ይህን ሳያውቅ «አምስት ጭረት፣ ኃይለኛው» ብሎ ትራፕ የሄደ ሰው አውቃለሁ። ማን እንደሆነ አልናገርም።

የአንዱ ፋብሪካ ቱቦ ለሌላው አይገባም። የቤሬታ ሞቢልቾክና የብራውኒንግ ኢንቬክተር ጥርሳቸው የተለያየ ነው። በግድ አታዙሩት። ሲገባ በእጅ በቀላሉ መግባት አለበት፤ ጥርሱ ላይ ስስ ቅባት ይደረግ፣ መጨረሻ ላይ በቁልፍ ጠበቅ። በተኩስ መሃልም ይላላልና ጥይት አውጥታችሁ ፈትሹት። ያለ ቱቦ ባዶውን አትተኩሱ፣ የበርሜሉ ጥርስ ይበላሻል። ቱቦ ስትቀይሩ ጠመንጃው ተከፍቶ፣ ባዶ መሆኑ በዓይን ታይቶ ነው። ፊታችሁን ወደ አፈሙዙ እያስጠጋችሁ ስለሆነ ቀልድ የለም።

ከአፈሙዙ ወጣ ብለው የሚታዩ፣ ቀለም የተቀቡ፣ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎችም አሉ። በእጅ ለመቀየር ይመቻሉ፣ ያምራሉ። ቀዳዳዎቹ ድምፁን ለጎረቤታችሁ ጆሮ ያበረቱታል እንጂ ለጀማሪ ውጤት ሲጨምሩ አላየሁም። ከሳጥኑ የመጡት ይበቃሉ።

ወረቀቱ

እስካሁን ያልኩት ሁሉ አማካይ ነው። የናንተ ጠመንጃ፣ ከናንተ ጥይት ጋር፣ የራሱ ጠባይ አለው። አንዳንዱ በሩብ እንደ ግማሽ ይሰበስባል። ጥይት ስትቀይሩም ይለወጣል። የሚያውቀው ወረቀቱ ነው።

ከ1.2 ሜትር ያላነሰ ሰፊ ወረቀት ስቀሉ። መሃሉ ላይ ነጥብ። በብዛት የምትመቱበት ርቀት ላይ ቁሙ፤ ስኪት ከሆነ 20 ሜትር፣ ትራፕ ከሆነ 32። አንዴ ተኩሱ፣ ወረቀት ቀይሩ፣ ደግሞ ተኩሱ። አንድ ወረቀት አያሳምንም፣ አምስት ይሁን። 38 ሴንቲ ሜትር ክር የጽሕፈት እርሳስ ላይ አስራችሁ ፍሬው ከበዛበት መሃል ክብ አስምሩ። ከዚያ መቁጠር ነው። አሰልቺ ነው፤ ምሥር እንደመልቀም። ካርቶን በሸክላ ልክ ቆርጣችሁ ወረቀቱ ላይ እያንሸራተታችሁ ብታዩ ደግሞ ይፈጥናል። ካርቶኑ አንድም ቀዳዳ ሳይነካ የሚያርፍበት ክፍት ቦታ ከበዛ ቾኩን አንድ ደረጃ አጥብቡ ወይም ፍሬው ያነሰ መጠን ያለውን ጥይት ውሰዱ፤ ትንንሽ ፍሬ ቁጥሩ ይበዛል። መሃሉ ተጨናንቆ ዳሩ ባዶ ከሆነ አስፉት።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት «ጋሼ፣ 350 ቀዳዳ ልቆጥር?» ብላ ሳቀች። «አብሽር፣ ቆጥሪ» አልኳት።

ሐሙስ ማታ ፎቶ ላከችልኝ። አምስት ወረቀት፣ አምስቱም በሩብ፣ 20 ሜትር ላይ። ክቦቹን አስምራለች፣ ቁጥሩን በአማርኛ ጽፋበታለች። ስርጭቱ ልክ እንደተጠበቀው ነው፤ ሰፊ፣ ክፍተት የሌለው፣ ቆንጆ። ግን የክቡ መሃል ከነጥቧ ሃያ ሴንቲ ሜትር ወደ ግራ ነው። አምስቱም ላይ።

ደወልኩላት። «ጠመንጃውን ስታነሺ ጉንጭሽ ሰደፉ ላይ በደንብ ያርፋል?» አልኳት። ዝም አለች። ቀጥሎ ሰደፉ ረጅም እንደሆነባት፣ አንገቷን ወደ ጎን ሰብራ እንደምታነጣጥር ነገረችኝ። ለካ ስድስቷን ያበላሸው ቾኩ ብቻ አልነበረም። ቅዳሜ ክለቡ ውስጥ ሰደፍ የሚያስተካክል ሰው ጋ ትሄዳለች። ስድስተኛውን ቱቦ ሻጩ መልሶ አልወሰደላትም።